አስቸኳይ፦ ሳል የለውም፣ ክብደቱም አልጨምር አለ። ቲቢ እንዴት እንለይ?

የሌሊት ተረኛ ነርስ፦
እባካችሁ አሁን ኦንላይን ያላችሁ መልሱልኝ። የተኛልን የ14 ወር ሕፃን ነው። የክንዱ ዙሪያ ልኬት 10.8 ሳንቲ ሜትር ነው። ወተቱን በደንብ ይጨርሳል፣ ክብደቱ ግን ፈቀቅ አላለም። አንቲባዮቲኩንም ጨርሷል። ጂን ኤክስፐርቱ (የቲቢ ባክቴሪያን የሚፈልገው የላብራቶሪ ምርመራ) ነጌቲቭ መጣ። ጠዋት «ቲቢ የለበትም» ተብሎ ካርዱ ላይ ሊጻፍ ነው። እኔን ግን ልቤ እሺ አላለኝም።

ጤና መኮንን፦
መጀመሪያ መሠረቱን እንይ። የክንድ ልኬት ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከፍተኛ የምግብ እጥረት ነው። እግሩ ላይ እብጠት ነበረው? እብጠት ሲወርድ ክብደት ይቀንሳል፤ ሰው ሳያስተውል ሕክምናው አልሠራም ይላል። ሚዛኑንም አስተካክሉ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ያለ ልብስ መዝኑት።

ፋርማሲስት፦
ነጌቲቭ ነው ከተባለ ምን ያጨቃጭቃል? የቲቢ መድኃኒት ጉበት ይነካል። «ይጨርሳል» ስትዪ ደግሞ በዓይንሽ አይተሻል? የሌሊቱስ?

የሌሊት ተረኛ ነርስ፦
እብጠት የለውም። የሌሊቱን ራሴ ነኝ የማበላው። ሌላ ሐሳብ!

አንድ አባል፦
ጂን ኤክስፐርት ይደገም።

የላብራቶሪ ሰው፦
መድገሙ ጥሩ ነው፣ ግን ናሙናው ምን ነበር? በዚህ ዕድሜ አክታ አይተፋም፣ ይውጠዋል። ከአፍ የተወሰደ ምራቅ ከሆነ ውጤቱ ብዙም አይነግረንም። ሰገራ ላኩ፣ ወይም በጠዋት ምግብ ሳይቀምስ የጨጓራ ፈሳሽ ውሰዱ። ሕፃናት ላይ ባክቴሪያው ጥቂት ስለሆነ ጥሩ ናሙናም ሊያመልጠው ይችላል።

የሕፃናት ሐኪም፦
ሲስተር፣ ልብሽን ስሚው። እንዳንቺ ያለ ተረኛ ባይኖር እኛ ጠዋት ምን እናይ ነበር? በጣም የተጎዳ ልጅ ሰውነቱ ስለደከመ ላይስልም፣ ላያተኩስም ይችላል። በቆዳ ላይ የሚደረገው የቲቢ ምርመራም በዚሁ ምክንያት በሐሰት ነጌቲቭ ሊሆን ይችላል። በአግባቡ እየተመገበ ክብደት አለመጨመሩ ራሱ ትልቅ ምልክት ነው። አሁኑኑ እናቱን ጠይቂ፦ ቤት ውስጥ የሚያስል፣ የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አለ? ጠዋት ራጅ ይነሳ፣ ኤችአይቪም ይታይ። አንገቱ ላይ ንፍፊት ካለ ዳስሺ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች የሆኑ ወይም ከፍተኛ የምግብ እጥረት ያለባቸው ልጆች ላይ ውሳኔው እንዳይዘገይ ይላል። ምርመራው ነጌቲቭ ቢሆንም ሐኪም ሁሉንም አይቶ ሕክምና ሊጀምር ይችላል። ከተጀመረ ቫይታሚን ቢ6 አይረሳ።

አንድ አባል፦
እኔም ያልኩት ይደገም ነው።

የሌሊት ተረኛ ነርስ፦
እናትየዋን ቀስቅሼ ጠየቅኋት። አብራቸው የምትኖረው አያቱ ከወራት በፊት ጀምሮ ታስላለች፣ ከስታለችም። እናትየዋ «ማንም አልጠየቀኝም» አለች! ካርዱ ላይ እየጻፍኩት ነው።

የሕፃናት ሐኪም፦
በጉልህ ጻፊው። ጠዋት ለተረኛው ሐኪም በቃልም ንገሪው። አያትየዋም ትመርመር። ቤት ውስጥ ሌሎች ልጆች ካሉ አብረው ይምጡ፤ የአያትየዋ ቲቢ ከተረጋገጠ፣ ከ5 ዓመት በታች ሆነው ቲቢ የሌለባቸው መከላከያ መድኃኒት ይገባቸዋል።

ፋርማሲስት፦
ቤት ውስጥ የምታስል አያት ካለች ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ጠዋት ራጁ ሲነሳ ውጤቱን ንገሪን።