ክርክር፦ ደንበኛው ፔንታጎን የሆነ ኩባንያ ምን ያሰጋዋል?

አስተናጋጇ፦ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቡና ላይ የተነሳው ጭቅጭቅ እዚህ ይቀጥል። አንዱ ወንድማችን የጡረታ ቁጠባውን ግማሽ የጦር መሣሪያ አምራቹን የሎክሂድ ማርቲንን አክሲዮን ሊገዛበት ነው። ዋናው መሥሪያ ቤታቸው ቤተስዳ፣ አፍንጫችን ሥር ነው። ኩባንያው በየመግለጫው ግርጌ «በጀት ሊዘገይ፣ ወጪ ሊንር፣ ውል ሊሰረዝ ይችላል» እያለ ይደረድራል። ወንድማችን «የጠበቃ ወግ ነው» ይላል። ጥያቄው ሁለት ነው፦ ማስጠንቀቂያው የምር ነው ወይ? ወጪ ሲንርስ ማን ይክፈል፣ ኩባንያው ወይስ ግብር ከፋዩ?

ባለጉዳዩ፦ እኔ ነኝ፣ ስሜን ብትጠሩም አይከፋኝም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ኩባንያው በእጁ ያለው ያልተሠራ ትዕዛዝ 176 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ የዓመቱ ሽያጭ 71 ቢሊዮን ገደማ። ነገ አንድም አዲስ ውል ባይፈርም ከሁለት ዓመት በላይ የሚሠራው አለው ማለት ነው። ደንበኛው ደግሞ ዶላር የሚያትም መንግሥት ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ዋስትና አለ?

ቆጣቢዋ፦ ላም አለኝ በሰማይ! ያ 176 ቢሊዮን እኮ ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ አይደለም። ኮንግረስ በጀት የሚያጸድቀው ዓመት በዓመት ነው። መንግሥት ደግሞ ኩባንያው ምንም ሳያጠፋ «አልፈልገውም» ብሎ ውል ማቋረጥ ይችላል። ከሽያጩ ሩብ ያህሉን የሚያመጣው ኤፍ-35 የሚባል አንድ የጦር አውሮፕላን ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ወንድሜ።

ባለጉዳዩ፦ ላሟ ሰማይ ላይ አይደለችም፣ ፊርማ አላት።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ፊርማው ራሱ ነው ጣጣው። ጁላይ 22 ቀን 2025 ጠዋት ሪፖርቱን ከፈትኩት። በአንድ ሩብ ዓመት 1.6 ቢሊዮን ዶላር የፕሮግራም ኪሳራ! የተጣራ ትርፉ በ2024 በዚያው ወቅት ከነበረው 1.6 ቢሊዮን ወደ 342 ሚሊዮን ወረደ፤ አክሲዮኑ በዚያው ቀን ከ10 በመቶ በላይ ወደቀ። ከኪሳራው 570 ሚሊዮኑ የካናዳ ባሕር ኃይል ሄሊኮፕተር ነው። 950 ሚሊዮኑ ግን ምን እንደሆነ አይነገርህም። «የአውሮፕላን ክፍሉ አንድ ምስጢራዊ ፕሮግራም» ይላል፣ አለቀ። ገንዘብህን አስገብተህ ምን እንደሚሠራበት ማወቅ ክልክል ነው።

አሠራሩን ላስረዳ። ውሉ በቁርጥ ዋጋ ከሆነ ኩባንያው በየጊዜው «ለመጨረስ ስንት ይፈጅብኛል?» ብሎ ይገምታል። ግምቱ የውሉን ዋጋ ያለፈ ዕለት፣ ገና ለሚመጡት ዓመታት የሚጠበቀው ኪሳራ በሙሉ ዛሬውኑ ይመዘገባል። ትናንት ጤነኛ የነበረ ሒሳብ ዛሬ ገደል የሚገባው በዚህ ነው።

ባለጉዳዩ፦ የአንድ ሩብ ዓመት ክፉ ዕድል ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ በ2024 የመጨረሻ ሩብ ዓመትም በምስጢራዊ ፕሮግራሞች 1.7 ቢሊዮን ተመዝግቦ ነበር። ክፉ ዕድል በስድስት ወሩ ይመላለሳል እንዴ?

ጋሼ፦ እኔ አክሲዮን የለኝም፣ ግብር ግን እከፍላለሁ። ይክሰሩ! ቦይንግ በ2011 ለሌሎች አውሮፕላኖች አየር ላይ ነዳጅ የሚቀዳውን የአየር ኃይሉን አውሮፕላን ሥራ ዋጋ ሰብሮ በቁርጥ ወሰደ። እስካሁን ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሮበታል። ወጪው እየተቆጠረ ትርፍ እየታከለ የሚከፈልበት ውል ቢሆን ኖሮ ያ ገንዘብ ከማን ኪስ ይወጣ ነበር? ከእኔና ከእናንተ። ዋጋ ሰብረህ ተጫርተህ፣ ስትከስር «ኡ ኡ» ማለት የለም።

መሐንዲሱ፦ ጋሼ፣ ይቅርታዎን፤ ቤት በቁርጥ ዋጋ አሠርተው ያውቃሉ? እኔ አዲስ አበባ ለእናቴ አሠርቻለሁ። ብረት ሲወደድ መጀመሪያ የሠራተኛው ቁጥር ቀነሰ፣ ቀጥሎ ተቋራጩ ስልክ ማንሳት ተወ። ውሉ በእጄ ነው፣ ቁርጥ ነው፤ ግን ወረቀት ዝናብ አያስጥልም። ያ የቦይንግ አውሮፕላንም 18ቱ እስከ 2017 ሊረከቡ ተብሎ የመጀመሪያው የገባው ጃንዋሪ 2019 ነው። የጠበቀው ማነው? አየር ኃይሉ። እኔ የምለው፣ ተሠርቶ የሚታወቅ ነገር በቁርጥ ይሁን። ማንም ሠርቶት የማያውቀውን በቁርጥ መዋዋል ግን የሁለቱም ወገን ቁማር ነው።

ጋሼ፦ ቁማር ከሆነ አይፈርሙ! ማን አስገደዳቸው?

ጥበቃው፦ ስለ በጀት መዘግየት አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ የአሜሪካ መንግሥት ለ35 ቀን ሲዘጋ እኔ በአንድ ተቋራጭ ሥር የመንግሥት ሕንፃ ጠባቂ ነበርኩ። የመንግሥት ሠራተኛው ኋላ ደመወዙ ተከፈለው፣ እኛ የኮንትራቶቹ ሳንቲም አላየንም። ባጄ ልጆቼ ክፍል በር ላይ ተንጠልጥሎ ከረመ። እዚያ ግርጌ «በጀት ሊዘገይ ይችላል» የሚለውን ስታነቡ መጀመሪያ የሚነካው ባለ አክሲዮኑን አይምሰላችሁ።

ቆጣቢዋ፦ ይኸው። የዕቃ አቅርቦቱስ? በ2022 በአውሮፕላኑ አንዲት ማግኔት ውስጥ ከቻይና የመጣ የብረታ ብረት ቅይጥ ተገኘ ተብሎ ፔንታጎን ኤፍ-35 መረከብ አቁሞ ነበር። በ2023 ደግሞ አዲሱ ሶፍትዌርና ኮምፒውተር አልደረሰም ተብሎ ለአንድ ዓመት ያህል ርክክብ ቆመ፤ አዲሱ ኮምፒውተር የተገጠመለት ሁሉ ቆሞ ጠበቀ። ፖለቲካውም አለ። ቱርክ የሩሲያን ኤስ-400 የአየር መከላከያ ሚሳይል ገዛች ተብሎ በ2019 ከኤፍ-35 ፕሮግራም ስትባረር ማን አስቀድሞ ገምቶ ነበር?

ባለጉዳዩ፦ እሺ፣ ግማሹን ትቼዋለሁ። አንድ አሥረኛውን ግን እገዛለሁ፤ ጦርነት ሲቆም አላየሁም። በጋሼ ግን አልስማማም፦ ሁልጊዜ ይክሰሩ ከተባለ የሚጫረት ይጠፋል፣ ያኔ የቀረው አንዱ የፈለገውን ዋጋ ይጠራል።

ጋሼ፦ አሁንስ ስንት ናቸውና? መሐንዲሱ፣ ለመሆኑ የእናትህ ቤት አለቀ?

መሐንዲሱ፦ ጣሪያው ቀርቷል ጋሼ።