ፖሊስ ደብድቦ ለተፈረደበት ሰው ይቅርታ? እኔ አልተዋጠልኝም

ናፍቆት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተጨቃጭቀን ነው የመጣሁት። ትራምፕ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ቢሮ በገቡበት ዕለት፣ በካፒቶሉ ወረራ (ደጋፊዎቻቸው ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 የአሜሪካ ምክር ቤትን ሕንፃ በወረሩበት) ለተከሰሱ ወደ 1,500 ሰዎች ይቅርታ አደረጉ። ዝም ብሎ ገብቶ ፎቶ ተነስቶ ለወጣው ይሁን፣ ቅር አይለኝም። ግን ፖሊስ የደበደቡትም አብረው ወጡ! ባልደረባዬ «ሕገ መንግሥቱ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል፣ አለቀ» ይለኛል። ሥልጣን እንዳላቸውማ አውቃለሁ። ልክ ነው ወይ ነው ጥያቄዬ።

ዳኛው፦
ልክ አይደለም። ቪዲዮውን አይተሽዋል? ዳንኤል ሆጅስ የሚባለው ፖሊስ በሩ ላይ ተቀርቅሮ፣ አንዱ በጋሻ ሲጨፈልቀው፣ ሌላው የጋዝ ጭንብሉን ነቅሎ በገዛ ቆመጡ ሲመታው፣ አፉ ደም በደም ሆኖ ሲጮህ። ማይክል ፋኖንን ደግሞ ሕዝቡ መሃል ጎትተው አንገቱ ላይ በቴዘር (በኤሌክትሪክ መንዘሪያ) ነዘሩት፤ ሃርት አታክ ያዘው። ቴዘሩን የያዘው ሰው ከ12 ዓመት በላይ ተፈርዶበት ነበር። በይቅርታው ተፈታ። በዚያን ቀን ጥቃት የደረሰባቸው ፖሊሶች ደግሞ ወደ 140 ይሆናሉ።

ቶማስ፦
እኔ ልቃወም። ሁሉንም «ደብዳቢ» አትበሉ። ሕጉ ማጥቃትንም ማደናቀፍንም አንድ አንቀጽ ውስጥ ነው የከተተው። አጥር የገፋና ሰው የፈነከተ እኩል ነው እንዴ? ደግሞስ ባይደን በዚያው ቀን፣ ሁለት የኤፍቢአይ ወኪሎችን በመግደል የተፈረደበትን ሊዮናርድ ፔልቲየርን ቀሪውን ቅጣት ቤቱ ሆኖ እንዲጨርስ አልፈቀዱም? ያኔ የት ነበራችሁ?

ዳኛው፦
እዚሁ ነበርኩ፣ እሱንም አልወደድኩትም። በ2024ቱ ምርጫ ትራምፕን የደገፈው ትልቁ የፖሊሶች ማኅበር ራሱ እኮ የሁለቱንም ውሳኔ ነው የነቀፈው። ግን የፔልቲየር ጥፋተኝነት አልተሰረዘም፤ ያውም ወደ 50 ዓመት ከታሰረ በኋላ ነው። የካፒቶሎቹ ግን ቅጣታቸው ብቻ ካጠረላቸው 14 ሰዎች በቀር ሙሉ ይቅርታ አገኙ፣ ክሳቸው ያላለቀውም እንዲቋረጥ ታዘዘ። በተለመደው አሠራር እኮ ይቅርታ ለማመልከት ከእስር ከወጡ በኋላ 5 ዓመት ይጠበቃል! ደግሞ አጥር የገፋና የፈነከተ እኩል አይደለም ያልከው የኔው ክርክር ነው፣ ወንድሜ። በአንድ ፊርማ እኩል ያደረጋቸው ማነው? የትራምፕ ምክትል ቫንስ ራሱ ከይቅርታው ሳምንት በፊት «ያን ቀን ዓመፅ የፈጸመ ይቅርታ አይገባውም» የሚል ነገር ተናግሮ ነበር። ፋይል በፋይል ቢታይ ማን ይጠላ ነበር?

ወይንሸት፦
ፖለቲካውን ተዉትና፣ ባለቤቴ ፖሊስ ነው። ማታ ሲገባ ቦት ጫማውን በሩ ላይ ነው የሚያወልቀው፤ ሁለቱም መሬት ሲነኩ ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። አንድ ጊዜ ሥራ ላይ ተመቶ ትከሻው ተጎድቶ ነበር፣ ለምስክርነት ስንት ቀጠሮ ተመላለሰ መሰላችሁ። የመታው ልጅ ተፈርዶበት ጨረሰ፣ ወጣ። በኋላ መንገድ ላይ አግኝቶት ይቅርታ ጠየቀው፣ ተጨባበጡ። እኔ ይቅርታ የምለው እሱን ነው። የሆጅስ አፍ ሲደማ ያልነበረ ሰው በምን ሒሳብ ነው ለሆጅስ ይቅር የሚልለት? ማንስ ጠየቀው?

ቶማስ፦
ይቺ ከበደችኝ። ቢሆንም የአንዳንዶቹ ቅጣት በዝቷል የሚለውን አልለቅም።

ናፍቆት፦
አትልቀቅ፣ ቅጣቱ ይቀነስላቸው ብትል አልጣላህም። የወይንሸትን ግን ነገ ለባልደረባዬ አነብለታለሁ።