ሁለት ሰርቨር አለን፤ አንዱ መሞቱን ሌላው በምን ይወቅ?

ከደብረ ማርቆስ

እንደምን ሰነበታችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

በምሠራበት ሆስፒታል ሁለት ሰርቨሮች አሉን። አንዱ ካርድ ክፍሉ ጎን ነው፤ ሌላው ግቢውን ተሻግሮ ላቦራቶሪው ሕንፃ ውስጥ። የፖስትግሬስ ዳታቤዙ በዲአርቢዲ (ዲስክን በኔትወርክ በሚገለብጥ ሶፍትዌር) ከአንዱ ወደ ሌላው ይገለበጣል። አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲረከብ የሚያደርጉት ፔስሜከርና ኮሮሲንክ የሚባሉት ሶፍትዌሮች ናቸው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? እኔም ተክዬ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ መብራት ሄደ። ሰርቨሮቹ በየራሳቸው ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) መሥራታቸውን ቀጠሉ። ሁለቱን ሕንፃ የሚያገናኘው የኔትወርክ ስዊች ግን ዩፒኤስ ስላልነበረው ጠፋ። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ሌላኛው የሞተ መሰለውና ሁለቱም ዋና ሆኑ። ለ40 ደቂቃ ያህል ካርድ ክፍሉ በአንዱ ይመዘግባል፣ ላቦራቶሪው በሌላው ውጤት ያስገባል። መብራት ሲመጣ ዲአርቢዲ ስፕሊት ብሬይን (ሁለቱ ቅጂዎች ተለያይተዋል) ብሎ አልገናኝም አለ። የወረቀት ካርድ እያገላበጥን ሁለቱን ለማስታረቅ 3 ቀን ፈጀብን። የአንዲት እናት የደም ውጤት ጠፍቶ ድጋሚ ደም ተቀድታለች። እሱ እስካሁን ይከነክነኛል።

ስቶኒዝን (አንዱ ሰርቨር ሌላውን በግድ የሚያጠፋበትን የፔስሜከር ክፍል፣ ፌንሲንግ የሚሉትን) ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ፔስሜከርን ስጭን ያለ ፌንሲንግ አልነሳም እያለ ሲያስቸግረኝ ዘጋሁት። አሁን ላበራው ነው። ሰርቨሮቹ አይፒኤምአይ (ከርቀት በኔትወርክ ማብሪያና ማጥፊያ) አላቸው። እሱ ብቻ ይበቃል? ወይስ ሁለቱም ራውተሩን ፒንግ እያደረጉ፣ መልስ ያገኘው ቢቀጥል ይሻላል?

ከባሕር ዳር

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ከፒንጉ ልጀምር። ፒንግ የሚነግርሽ «እኔ ከራውተሩ ጋር እገናኛለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። ያኛው መጻፍ ማቆሙን አይነግርሽም። ያንቺ ችግር ደግሞ እሱ ነው። ዝም ያለ ሰርቨር ሞቷል ማለት አይደለም። ኬብሉ ተነቅሎ ይሆናል፣ ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ለአንድ ደቂቃ ደርቆ ይሆናል፣ ከዚያ ነቅቶ ከተወበት መጻፉን ይቀጥላል። ስለዚህ የሚረከበው ከመረከቡ በፊት ያኛውን በእጁ ማጥፋት አለበት፣ መጥፋቱንም ማረጋገጫ ማግኘት አለበት። ፌንሲንግ ማለት ይኸው ነው።

ሦስት ሰርቨር ቢኖርሽ ሁለቱ ተስማምተው አንዱን ያስወጡ ነበር። በሁለት ግን አንድ ለአንድ ነው፣ ብልጫ ድምፅ የለም። ለዚህ ኮሮሲንክ ላይ «ቱ ኖድ» የሚባለውን፣ አንዱ ብቻውን እንዲቀጥል የሚፈቅደውን ቅንብር 1 ታደርጊያለሽ። እሱ ሲበራ «ዌይት ፎር ኦል» (ሁሉንም ጠብቅ) አብሮ ይበራል። ሁለቱም ጠፍተው ሲነሱ አንዱ ብቻውን አገልግሎት አይጀምርም፤ ቢያንስ አንዴ እስኪተያዩ ይጠብቃል። ይህ ባይኖር ያጠፋሽው ሰርቨር ተነስቶ ጓደኛውን ያጠፋል፣ ያኛውም ተነስቶ ይኼኛውን፣ እንዲህ ሲጠፋፉ ያድራሉ።

ሌላው ነገር፣ ግንኙነት ሲቋረጥ ሁለቱም የማጥፊያ ትእዛዝ እኩል ተኩሰው ሁለቱም ሊጠፉ ይችላሉ። ዋናውን ሰርቨር በሚያጠፋው የፌንሲንግ መሣሪያ ላይ መዘግየት ጨምሪ፣ 10 ሰከንድ በቂ ነው። ያኔ ሌላው ዋናውን ለማጥፋት ሲዘገይ ዋናው ይቀድማል፣ በሕይወት የሚተርፈውም እሱ ይሆናል። ብዙ ሰው መዘግየቱን ተቃራኒው ላይ ያደርገዋል፤ ሁለቴ አንብቢው።

ዲአርቢዲው ላይም «ፌንሲንግ»ን «ሪሶርስ-ኤንድ-ስቶኒዝ» በይው። ግንኙነት ሲቋረጥ የጓደኛው ጉዳይ እስኪለይ መጻፉን ያቆማል።

ከፍኖተ ሰላም

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ የምጨምረው መብራቱን ነው።

እታለም፣ አይፒኤምአይ ብቻ አይበቃሽም። ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሰርቨሩ ፓወር ሰፕላይ ነው። የሰርቨሩ ዩፒኤስ ባትሪ ሲያልቅ አይፒኤምአዩም አብሮ ይሞታል። ያኔ የቀረው ሰርቨር «አጥፋው» ይላል፣ መልስ የለም። ፔስሜከር ደግሞ ማረጋገጫ ካላገኘ አይረከብም። መቆሙ ትክክል ነው፣ ግን ካርድ ክፍሉ ፊት ሰልፍ ሲረዝም ማንም አይገባውም። ሁለተኛ ደረጃ ፌንሲንግ ያስፈልግሻል፦ በኔትወርክ የሚታዘዝ ፒዲዩ (የሶኬት ማከፋፈያ)። መጀመሪያ አይፒኤምአይ ይሞከራል፣ እምቢ ካለ ፒዲዩው ሶኬቱን ይቆርጣል። ሰርቨሩ ሁለት ፓወር ሰፕላይ ካለው ሁለቱም ሶኬቶች አብረው ጠፍተው ነው መልሰው መብራት ያለባቸው። አንዱን ብቻ ብትቆርጪ ሰርቨሩ አይጠፋም። ፒዲዩውም የሚበራው ከሰርቨሩ ዩፒኤስ ብቻ ከሆነ አብሮ ይጠፋል፣ እሱንም አስቢበት።

ከዚህ የሚብሰው የኔትወርኩ መንገድ ነው። አይፒኤምአይሽ በዚያው በጠፋው ስዊች የሚያልፍ ከሆነ በሐምሌው ቀን ምንም አይረዳሽም ነበር። ዳታው ይተርፋል፣ አገልግሎቱ ግን ይቆማል። በሁለቱ ሕንፃ መካከል ሁለተኛ መስመር ዘርጊ፣ በሌላ ስዊች። ኮሮሲንክ ሁለቱንም ሊንክ ይጠቀምባቸዋል። መስመሩ ፋይበር ቢሆን ይሻላል፤ በኛ አገር ክረምት መብረቅ በመዳብ ኬብል ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ገብቶ ስንት ፖርት አቃጥሎብኛል።

ከተቻለ ሦስተኛ ሕንፃ ላይ ትንሽ ኮምፒውተር አስቀምጠሽ ኪዩዲቫይስ (ሦስተኛ ድምፅ ሰጪ) አድርጊው። ሲለያዩ ለአንደኛው ወገን ብቻ ድምፅ ይሰጣል። እሱን ካስገባሽ «ቱ ኖድ» መጥፋት አለበት፣ ፌንሲንጉ ግን አሁንም ያስፈልጋል። ኪዩዲቫይሱን ከሁለቱ ሰርቨሮች በአንዱ ላይ ቨርቹዋል ማሽን አድርገሽ እንዳትጭኚው ብቻ።

ከደብረ ማርቆስ

እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። አይፒኤምአዩ በዚያው ስዊች ነው የሚያልፈው፣ አሁን ሄጄ አየሁት። አንድ ነገር ልጠይቅ። መብራት ለረጅም ሰዓት ሄዶ ሁለቱም ጠፉ እንበል። ሲመጣ አንዱ ብቻ ተነሳ፣ ሌላው ተበላሽቷል። «ዌይት ፎር ኦል» አያስጀምረውም ማለት ነው። ሌሊት ከሆነ ተረኛው ምን ያድርግ?

ከፍኖተ ሰላም

ተረኛው መጀመሪያ በእግሩ ሄዶ ያልተነሳውን ሰርቨር ገመዱን ከሶኬት ይንቀል፣ ሁለት ከሆነ ሁለቱንም። ከዚያ ነው በተነሳው ላይ «ፒሲኤስ ኮረም አንብሎክ» (ሌላውን ሳትጠብቅ ጀምር) የሚለውን ትእዛዝ የሚሰጠው። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ። ቀድሞ በሠራሁበት ቦታ አንድ ባልደረባ በስልክ «ጠፍቷል» ተብሎ አምኖ ፌንሲንጉን በእጁ አረጋገጠ፤ የጠፋው ስክሪኑ እንጂ ሰርቨሩ አልነበረም። ሁለቱም ላይ ተጻፈ። ቅደም ተከተሉን በአማርኛ በትልቁ ጽፈሽ በሩ ላይ ለጥፊው።

ከባሕር ዳር

ሥራ ከማስጀመርሽ በፊት ደግሞ ፈትኚው። ታካሚ በማይበዛበት ሰዓት፣ ባክአፕ ወስደሽ። በየተራ የኔትወርክ ገመዱን ንቀይ፣ የመብራት ገመዱን ንቀይ፣ ከርነሉን ሆን ብለሽ አድርቂው፣ በመጨረሻ መሃል ያለውን ስዊች አጥፊ። በ«ሪቡት» ትእዛዝ ብቻ ፈትኖ ሠርቷል የሚል ብዙ ነው፤ ያ ሰርቨሩ ተሰናብቶ ሲወጣ ነው እንጂ ሲሞት አይደለም። በእያንዳንዱ ጊዜ ማን እንደተረፈና ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ጻፊ።

ከደብረ ማርቆስ

ቅዳሜ ከሰዓት ፈቃድ አግኝቻለሁ። ስዊቹን ዛሬውኑ ዩፒኤስ ላይ ሰክቼዋለሁ። ፒዲዩው ግዢ እስኪያልቅ ድረስ በአይፒኤምአይ ብቻ እቆያለሁ፣ ግን በሌላ ስዊች አድርጌ። ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።