ካሜራ በችሎት፦ ከሐዋሳ ለምናቀርበው የጋራ ሐሳብ የረቂቅ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ለሲዳማ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በምናቀርበው ሐሳብ ላይ አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ። መነሻችን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ነው። የተከሰሰ ሰው ለሕዝብ ግልጽ በሆነ ችሎት የመሰማት መብት አለው፤ ክርክር በዝግ ችሎት ሊሰማ የሚችለው የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን የሞራል ሁኔታና የሀገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል ብቻ ነው። ስለዚህ ረቂቁ የመገናኛ ብዙኃን ካሜራ በግልጽ ችሎት ሁሉ እንዲፈቀድ ይጠይቃል።

በጥብቅና የሚሠሩ አባል፦
ዓላማውን ከልቤ እደግፋለሁ፤ ሆኖም ሁሉንም ችሎት በአንድ ዓይን ማየት ፍትሕን ይጎዳል። ምስክሮች ተራቸው እስኪደርስ ከውጭ የሚቆዩት አንዱ የሌላውን ቃል ሰምቶ የራሱን እንዳያስተካክል ነው፤ ክርክሩ በቀጥታ ከተላለፈ ግን በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ምስክር ከውስጥ የሚባለውን ሁሉ በስልኩ ይከታተላል፣ ተቃራኒው ወገን ምስክሩን የሚፈትንበት መስቀለኛ ጥያቄም ዋጋ ያጣል። በጎረቤቱ ላይ ሊመሰክር የመጣ ሰውም ማታ ራሱን በቴሌቪዥን ካየ፣ ሌላ ጊዜ መጥሪያ ቢደርሰው ወደ ፍርድ ቤት እግሩን አያነሣም። እ.ኤ.አ. በ2014 በደቡብ አፍሪካ በታየው የሯጩ ኦስካር ፒስቶሪየስ የግድያ ክስ ተከሳሹ ሲመሰክር ሕዝቡ የሰማው ድምፁን ብቻ ነበር፤ ፍርዱ ሲነበብ ግን በምስል ጭምር ተላልፏል። እኛም ይህን መሰል ልዩነት እናድርግ።

ጋዜጠኛ የሆኑ አባል፦
የጠበቃችንን ስጋት እጋራለሁ። ይሁንና ዘጋቢ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ በደብተሩ ሲጽፍ፣ ዳኛው ፍርዱን በፍጥነት ስለሚያነቡ ምክንያቱ ያመልጠዋል፤ ለአድማጭ የሚደርሰው ይህን ያህል ዓመት ተፈረደበት የሚለው ብቻ ይሆናል። የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 የፕሬዚዳንታዊውን ምርጫ ውጤት ሲሽር ሕዝቡ ውሳኔውን በቀጥታ ስርጭት ከዳኞቹ አንደበት ሰምቷል። ከፍርድ ንባብ እንጀምር።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የረቂቃችንን አንቀጽ እንዲህ አሻሽዬዋለሁ፦ «የይግባኝ ክርክርና የፍርድ ንባብ በአንድ ቋሚ ካሜራ ይቀረጽ፤ የምስክር ቃል ሲሰማ ካሜራው ይዘጋ፤ የሕፃናት፣ የቤተሰብና የአስገድዶ መድፈር መዝገቦች ጨርሶ አይቀረጹ፤ ዳኛው ምክንያቱን ገልጸው ቀረጻውን ማስቆም ይችላሉ።» ያልተቋጨው ቀረጻው በማን እጅ ይቀመጥ የሚለው ነው። ካሜራ ያለው ጣቢያ ብቻ የሚጠቀም ከሆነ የማኅበረሰብ ሬዲዮዎች ከዳር ይቀራሉና፣ ሬጅስትራሩ (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ) ይዞት ለሁሉም እኩል እንዲሰጥ ሐሳብ አቀርባለሁ። በዚህ ነጥብ ላይ ተቃውሞ ያላችሁ አባላት እስከ ዓርብ ድረስ በጽሑፍ አሳውቁኝ።