የምገዛትን ውሻ ላረባት እንደምፈልግ ለሻጩ ልንገራቸው?

ሰላም ወገኖች፣ ምክር ፈልጌ ነው። እዚህ ጅማ ጀርመን ሼፐርድ የሚያረቡ አንድ አባት አሉ፤ ሴት ቡችላ ልገዛቸው ነው። «ለምን ፈለግካት?» ሲሉኝ «ቅዳሜ መጥቼ በደንብ እናወራለን» ብያቸዋለሁ። ግቢ እንድትጠብቅልኝ ብቻ አይደለም፤ 2 ዓመት ከሞላት በኋላ፣ ዳሌዋ በራጅ ታይቶ ጤነኛ ከሆነ ላስወልዳት አስባለሁ።

ጓደኞቼ «ለጥበቃ ነው በላቸው፣ አለዚያ ዋጋ ይቆልሉብሃል» ይሉኛል። ሰውዬው ግን እናትየዋን ግቢ ድረስ አስገብተው አሳይተውኛል፤ የክትባት ካርዷን ሳይቀር፣ የእብድ ውሻ በሽታ የተከተበችበት ቀን ተጽፎበት። እኚህን ሰው እንዴት እዋሻለሁ? ደግሞ ዓላማዬን ካላወቁ ለዘር የምትሆነዋን እንዴት ይመርጡልኛል? ከወንድሟ ጋር እንዳላዳቅላትስ ማን ይነግረኛል?

አርብታችሁ የምታውቁ፣ ነገሩን እንዴት ልክፈተው? ከተስማሙስ ውሉ ላይ ምን እናስገባ?