ሥዕላችንን ኢንተርኔት ላይ ስንጭን ምን እየፈቀድን ነው?

ሠዓሊት፣ ባሕር ዳር፦
ወገኖች፣ ዛሬ ለክርክር አንድ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አብዛኞቻችን ሥራችንን ኢንስታግራም፣ ዴቪያንትአርት ወይም አርትስቴሽን ላይ እንጭናለን። ስንመዘገብ የሚመጣውን ረጅም ውል ግን ማን አነበበው? ሰሞኑን የኢንስታግራሙን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ባለቤትነቱ የእናንተ ነው ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ ሥራችንን በመላው ዓለም ያለ ክፍያ እንዲጠቀሙበት፣ እንዲቀዱት፣ እንዲቀይሩት፣ ከእሱ ሌላ ሥራ እንዲያወጡ፣ ይህንኑ ፈቃድ ለሌላ እንዲያስተላልፉ ፈቅደናል ይላል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ሥራውን ለተመልካች ለማሳየት የሚያስፈልገውን ያህል ፈቃድ ይውሰዱ። ከዚያ ያለፈውን ግን ለብቻው ይጠይቁን፤ እሺ ስንል ብቻ ይውሰዱ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ፎቶ አንሺ፣ ደብረ ማርቆስ፦
እህቴ፣ ነገሩን አታክብጂው። ያ ፈቃድ ከሌለ ድረ ገጹ ሥዕልሽን እንዴት አድርጎ ያሳያል? ሰርቨር ላይ መቅዳት አለበት። ለስልክ እንዲመች ማሳነስ አለበት። ጃፓን ያለ ሰው እንዲያየው በመላው ዓለም መፈቀድ አለበት። ጠበቆቻቸው ለዚህ ነው ሰፋ አድርገው የጻፉት። እኔ የጮቄን ተራራ ፎቶ ለጥፌ ከአዲስ አበባ ሥራ ተደውሎልኛል። ማርቆስ ላይ ስቱዲዮ ከፍቼ ብቀመጥ ማን ያውቀኝ ነበር?

ሠዓሊት፣ ባሕር ዳር፦
ማሳየቱን መች ተቃወምኩ ወንድምዓለም? ቤትህን ብታከራይ ባለቤቱ አንተ ነህ። ተከራዩ ግን ኪራይ ሳይከፍል፣ ግድግዳ እያፈረሰ፣ ለፈለገው እያከራየ ከኖረ ባለቤትነትህ ካርታው ላይ ብቻ ቀረ ማለት ነው።

ስጋቱም ከባዶ የመጣ አይደለም። ዴቪያንትአርት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሠዓሊዎች መሰብሰቢያ ነበር። በኖቬምበር 2022 ድሪምአፕ የሚባል ሥዕል የሚሠራ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ይዞ ብቅ አለ። ሥራው ለኤአይ ማሠልጠኛ እንዳይወሰድበት የሚፈልግ ሰው ራሱ እየገባ ምልክት ማድረግ ነበረበት። ዝም ያለው እንደፈቀደ ተቆጠረ። ሠዓሊዎች ጮኹ። ወዲያው ተገለበጠና ሁሉም ሥራ ከመነሻው «ለኤአይ አይሆንም» ተብሎ እንዲመዘገብ ተደረገ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ የአርትስቴሽን ሠዓሊዎች ኤአይን የሚቃወም ምስል እየለጠፉ ገጹን ሞሉት። ስለዚህ ጩኸት ይሠራል። ምን ይደረጋል ብለን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ።

ግራፊክ ዲዛይነር፣ ባሕር ዳር፦
እኔ ኤአይ እጠቀማለሁ፣ አልደብቅም። ለፖስተር መነሻ ሐሳብ በደቂቃ ያወጣልኛል። ደግሞስ ሰውም የሚማረው የሌላውን እያየ አይደለም? የድሮ ሠዓሊ ሁሉ የመምህሩን ሥራ እየገለበጠ ነው እጁን ያፍታታው። አሁን መከልከሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ላዮን የሚባለው ለኤአይ ማሠልጠኛ የተዘጋጀ ስብስብ ብቻ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ 5.85 ቢሊዮን የምስልና የጽሑፍ ጥንድ ነበረው። ከኢንተርኔት ተጠራርጎ የተወሰደ ነው። የእኔም የአንቺም እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ማን ያወጣዋል?

መምህር፣ ፍኖተ ሰላም፦
ልጆች፣ እኔም ትንሽ ልበል። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብታችሁ የመቅደሱን ግድግዳ አይታችኋል። እነዚያን ሥዕሎች እነማን እንደሣሏቸው ብዙዎቻችን አናውቅም። አባቶቻችን ሥራውን ለክብር ሠርተው ስማቸውን ትተው ሄዱ። ዛሬ «የእኔ፣ የእኔ» ማለት ሲበዛ የጥበቡ ዓላማ የሚጠፋ ይመስለኛል። ሥዕል ከታየ፣ ሰው ከተማረበት ምን ጎደለ?

ሠዓሊት፣ ባሕር ዳር፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በዚህ አልስማማም። ስማቸውን የተዉት ራሳቸው ናቸው። ማንም ስማቸውን ቆርጦ አልጣለባቸውም። ደግሞ እነዚያ ሠዓሊዎች ሲሠሩ የሚያበላቸው፣ ቀለም የሚገዛላቸው፣ ድካማቸውን የሚቆጥርላቸው ሰው ነበር። በየቤተ ክርስቲያኑ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ የምናየው አሠሪ እሱ ነው። ዛሬ የእኛን ሥራ ሰብስቦ ማሽን የሚያሠለጥን ድርጅት የየትኛውን ሠዓሊ ድካም ቆጠረ?

ዲዛይነር፣ አንተ ያነሳኸውም ነገር በዚሁ ይመለሳል። ተማሪ ከመምህሩ ሥር ተቀምጦ ነው የሚገለብጠው። መምህሩ ያውቀዋል፣ ያርመዋል፣ ሲበቃው ሂድ ይለዋል። ይህ ፈቃድ ነው። ማሽኑ መቼ መጥቶ ጠየቀን? ሄደ የተባለውም ጅብ ገና አልሄደም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ሦስት ሠዓሊዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ ሥዕል የሚሠራ ኤአይ ያቀረቡትን ስታቢሊቲ ኤአይን፣ ሚድጆርኒንና ዴቪያንትአርትን ከሰዋል። በኦገስት 2024 ዳኛው የቅጂ መብት ክሱ እንዲቀጥል ፈቅደዋል።

ጠበቃ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ክርክሩን ስከታተል ነበር። ከሕጉ በኩል የማውቀውን ላካፍላችሁ።

የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚለው ይህን ነው። ሥራው ወጥ (ከሌላ ያልተቀዳ) ሆኖ ሸራ፣ ወረቀት ወይም ፋይል ላይ ካረፈ ጥበቃ ያገኛል። መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ሥዕል ሠዓሊው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ፎቶ ግን ከተነሳበት ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው። በስምህ የመታወቅ፣ ከፈለግህም ስምህን የመደበቅ፣ ሥራህ ሲበላሽ የመቃወም መብት አለህ። መምህር፣ ስም መተውም ራሱ የሠዓሊው መብት ነው፤ ሌላ ሰው ሊወስንለት አይችልም። የሥራውን ጥቅም ለሌላ ማስተላለፍም ሆነ ፈቃድ መስጠት በጽሑፍ መሆን አለበት።

ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሁለት ቁጥር ያዙልኝ። 1682፣ ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም ይላል። 1686፣ አንዱ ወገን ለሁሉም ብሎ ያዘጋጀው የውል ቃል ሌላውን የሚያስገድደው አውቆ ከተቀበለው ነው ይላል፤ ወይም መንግሥት ያጸደቀው ከሆነ። እህታችን «ለብቻው ይጠይቁን» ያለችው በእኛ ሕግ ሲታይ ትክክል ነው።

ችግሩ ውሉ ሁልጊዜ በእኛ ሕግ ላይዳኝ መቻሉ ነው። አንዳንዶቹ ድረ ገጾች የውጭ አገር ሕግና ፍርድ ቤት ብለው ጽፈዋል። ከዚህ ተነስቶ እዚያ ሄዶ መክሰስ አቅም ይጠይቃል። እዚሁ አገር ያለ ሰው ሲወስድባችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ፎቶ አንሺ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ጠበቃ፣ ይህንን ካነሳህ የእኔን ስማኝ። ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሽማግሌ አንስቼ ለጥፌ ነበር። ዘንድሮ አንድ ቢሮ ገብቼ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ አየሁ። ያው የእኔ ፎቶ ነው። ታች በቀኝ ጥግ ስሜ ነበረበት። ቆርጠውታል። አቆራረጡ ስላልተስተካከለ የመጨረሻዋ ፊደል እግር ቀርታለች፤ ውኃው ላይ እንደ ቀለም ነጠብጣብ ትታያለች። ያሳተመው ድርጅት ጋ ደውዬ ስጠይቅ «ኢንተርኔት ላይ አግኝተነው ነው» አሉኝ። ይቅርታ እንኳ የለም። ኢንስታግራም እንዲህ አላደረገኝም። ለዚህ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ የአገሬ ሰው የሆነው።

ሠዓሊት፣ ባሕር ዳር፦
ያሳዝናል፤ እውነት ነው። ግን ሁለቱ አንድ ናቸው ወንድምዓለም። «ኢንተርኔት ላይ አግኝተነው ነው» ያለህ ሰውና 5.85 ቢሊዮን ምስል የጠረገው ድርጅት አንድ ዓይነት ነገር ነው ያሰቡት። የሚታይ ነገር ሁሉ የተፈቀደ ነው ብለው። አንዱን ተቆጥተን ሌላውን ማለፍ የለብንም።

ግራፊክ ዲዛይነር፣ ባሕር ዳር፦
እሺ፣ እዚህ ላይ እስማማለሁ። መጠየቅ ነበረባቸው። መጠቀሜን ግን አላቆምም። ለምትጭኑ ሰዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ሙሉ መጠኑን አትጫኑ። ለስልክ የሚበቃ 1080 ፒክስል ስፋት ይበቃል፤ ያንን ትልቅ ወረቀት ላይ ቢያትሙት ይደበዝዛል። ስማችሁን ጥግ ላይ ሳይሆን መሀል አካባቢ፣ ሲቆረጥ ሥዕሉን አብሮ የሚያበላሽ ቦታ ላይ ጻፉ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ግሌዝ የሚባል ነፃ ፕሮግራምም አለ። ለዓይን ብዙም በማይታይ መልኩ ምስሉን ነካክቶ ኤአይ የአሣሣል ስልታችሁን እንዳይቀዳ ያስቸግረዋል። ፍጹም መከላከያ አይደለም፤ ከምንም ግን ይሻላል።

መምህር፣ ፍኖተ ሰላም፦
ስሙን ቆርጠው ጣሉት? ይህስ ነውር ነው። ልጄ፣ ዝም አትበል።

ጠበቃ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ዝም አይልም። በአዋጁ ለሞራል ጉዳት ብቻ የሚወሰነው ካሳ ከ100,000 ብር አያንስም። ዋናውን ፋይል ከካሜራው እንደወጣ ይዘኸዋል? የቀን መቁጠሪያውንም አንድ ቅጂ ፈልግ፤ ያሳታሚው ስም የሚታይበት ገጽ እንዳይጎድል።

ፎቶ አንሺ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ዋናው ፋይል አለኝ፤ ቀኑም ሰዓቱም አለበት። የቀን መቁጠሪያውን ሰኞ ከዚያ ቢሮ ለምኜ አመጣለሁ።