ለመንዙማ መጽሐፍ ገጽ ቅንብር፦ ስክራይበስ ወይስ ዚላቴክ?

ሰላም ወገኖች፣ ከደሴ ነው። 240 ገጽ የመንዙማ ስብስብ በኤ5 እያቀናበርኩ ተቸግሬአለሁ። ግጥሙ አማርኛ ነው፤ በየመሃሉ በአረብኛ ፊደል የተጻፈ ስንኝ ይገባል።

ዎርድ ላይ የፊደሉን መጠን ከ12 ወደ 11 ሳወርደው ገጹ ሁሉ ይንሸራተታል፣ ስንኙም ለሁለት ገጽ ይሰነጠቃል። የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራሙ የኢንዲዛይን ወርኃዊ ክፍያ አይቀመስም፤ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፔም አይችለውም። ሌላው የገጽ ማቀናበሪያ ስክራይበስ 1.4 ነጻ ነው፤ ግን የአረብኛውን ፊደል ሳያያይዝ በታትኖ ይደረድረዋል።

ዚላቴክ (በትእዛዝ የተጻፈን ጽሑፍ ወደ ፒዲኤፍ ገጽ የሚቀይር ፕሮግራም) ከአቢሲኒካ የግዕዝ ፎንት ጋር ቆንጆ ይሠራል (ወንድሙ ፒዲኤፍላቴክ ለግዕዝ ፊደል አይመችም፣ አትምከሩኝ)። ችግሩ፦ ቃላቱን ያለ ክፍት ቦታ በ«፡» ብቻ ስለያያቸው መስመሩ አይሰበርም፤ ኅዳጉን አልፎ ይወጣል። የመስመር መስበሪያውን ቋንቋ አማርኛ ማድረግ ይበቃል? ወይስ ከእያንዳንዱ «፡» ኋላ ዜሮ ስፋት ያለው ክፍተት ላስገባ? አዲሱን ስክራይበስ በአማርኛና በአረብኛ ቅልቅል የሞከረ ካለም ይንገረኝ።